ሾፌር የሚያቆምበት ማረፊያ፦ በጅማ መንገዶች ዳር እንዴት ይሠራል?

አውቶቡስ 60 ሰው ቢጭንም የት እንደሚቆም የሚወስነው ሾፌሩ ነው። በጭነት መኪናም ያው ነው። ስለዚህ ከጅማ በሚወጡት መንገዶች ዳር፣ በሰኮሩ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይሁን በአጋሮ ወደ በደሌ ወይም ወደ ቦንጋ፣ የመንገደኛ ማረፊያ ለመሥራት ያሰበ ሰው ወይም ማኅበር ከቡና ቤቱ በፊት ማሰብ ያለበት ስለ መግቢያው ነው። ሾፌሩ ሳይጨነቅ ገብቶ፣ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ ሳይነዳ መውጣት ከቻለ ይቆማል። ተሳፋሪው ደግሞ በሚቀጥለው ጉዞ «እዚያ ቁምልን» የሚለው ሽንት ቤቱ ንጹሕ ከነበረ ነው። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ሁለቱ በኋላ ይመጣል።

ቦታው

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ጊቤ ሸለቆ ድረስ ወርዶ እንደገና ይወጣል፤ የሸለቆው ግርጌ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,100 ሜትር ሲሆን ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ተመራጩ ሁለት ዓይነት ሜዳ ነው፦ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ያለው፣ ፍሬንና ጎማ የሚፈተሽበት፤ እና ዳገቱ ካለቀ በኋላ ያለው፣ ሞተር የሚበርድበት። ኩርባ ላይ፣ ጉብታ አናት ላይ ወይም ቁልቁለት መሐል አይሠራም። ፍሬኑ የጋለ ከባድ መኪና ከማረፊያው ከምትወጣ ሚኒባስ ኋላ ቢመጣ ማቆሚያ አያገኝም።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። መሬቱን ከመከራየትዎ በፊት መውጫው በሚሆንበት ነጥብ ላይ ዝቅ ብለው፣ ዓይንዎን ከመሬት አንድ ሜትር ያህል አድርገው ሁለቱንም አቅጣጫ ይመልከቱ። የሚመጣው መኪና ከ200 ሜትር ርቀት ካልታየ ቦታውን ይተዉት። ክረምት ሲገባ ሣርና በቆሎ ምን ያህል እንደሚያድግም ያስቡ፤ በጥር ወለል ብሎ የሚታይ ቦታ በነሐሴ ይሸፈናል።

የመንገዱን ክልል መንካት ፈቃድ ይጠይቃል፤ በዋናው የፌዴራል መንገድ ላይ ጉዳዩ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው።

መግቢያና መውጫ

አንድ መግቢያ፣ አንድ መውጫ፣ በመሐላቸው ቢያንስ 80 ሜትር፤ ውስጡ የአንድ አቅጣጫ ጉዞ ብቻ። የመግቢያው ስፋት 6 ሜትር፣ የማዕዘኑ ዙሪያ ራዲየስ 15 ሜትር ይሁን። ተሳቢ ሲዞር የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ ስለሚቆርጥ ጠባብ ማዕዘን ሁልጊዜ ጠርዙን ይሰብራል። ኮንክሪት ከመፈሰሱ በፊት በኖራ መስመር አስምረው እውነተኛ ተሳቢ ያስገቡ። ጎማው ኖራውን የረገጠበት ቦታ ሁሉ መስፋት አለበት። ይህ ሙከራ የግማሽ ቀን ሥራ ሲሆን ከማንኛውም ወረቀት ላይ ስሌት የበለጠ ይጠቅማል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ነገር የጎርፍ መውረጃው ቦይ ነው። መግቢያ ለማበጀት ቦዩን በአፈር የደፈነ ሰው በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ውኃውን አስፋልቱ ላይ ያገኘዋል፤ ከዚያ ጠርዙ ይቦረቦራል፣ ጉድጓድ ይሆናል፣ ሾፌርም ጉድጓድ አይቶ አይገባም። በቦዩ ላይ የኮንክሪት ቱቦ ይቀበራል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ውኃ ያሳልፋል፣ ነገር ግን ደለልና የኮባ ቅጠል ሲደፍነው ሰው ገብቶ ሊያጸዳው ስለማይችል 90 ሴንቲ ሜትር ይሻላል።

ምልክቱ ከመግቢያው 500 ሜትር ቀድሞ ይተከል፤ ሁለተኛው 100 ሜትር ላይ። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ፊደሉ ከ25 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ፣ ቃሉም ጥቂት፦ ሽንት ቤት፣ ቡና፣ የከባድ መኪና ማቆሚያ። የምግብ ዝርዝር የተጻፈበትን ሰሌዳ በፍጥነት የሚያልፍ ሰው አያነበውም።

ማቆሚያው

ከባድ መኪና፣ አውቶቡስና ትንሽ መኪና አይደባለቁ። ለተሳቢ 4 ሜትር በ22 ሜትር፣ በ45 ዲግሪ ያዘነበለና ከፊት በኩል የሚወጡበት ቦታ ይሰጣል። ለአውቶቡስ 4 በ14 ሜትር፣ በሩ ወደ ሽንት ቤቱ እንዲከፈት። ለትንሽ መኪና 2.5 በ5 ይበቃል። አውቶቡሱ ለሽንት ቤቱ ቅርብ፣ ከባዱ መኪና ራቅ ብሎ ይቁም፤ ሾፌሩ ጋቢናው ውስጥ ሸለብ ሊያደርገው ይችላል።

የጅማ ቀይ አፈር ሲረጥብ ይንሸራተታል፣ ጎማም ይውጣል። ላዩን ጠርጎ ጠጠር ማልበስ ለአንድ ክረምት እንኳ አይበቃም። አፈሩ ተቆርጦ 20 ሴንቲ ሜትር የተፈጨ ድንጋይ በሁለት ንብርብር ይጠቀጠቅ። ከባድ መኪና በሚቆምበት ቦታ ላይ ኮንክሪት ይሻላል፤ የሚንጠባጠብ ናፍጣ አስፋልትን ያሟሟል። ኮብልስቶን ለትንሽ መኪና ጥሩ ነው። ወለሉ በ100 ሜትር 2 ሜትር ያህል ያዘንብል፦ ከዚያ ካነሰ ውኃ ይተኛል፣ ከበዛ ታኮ ያላደረገ መኪና ይንሸራተታል።

ለሾፌሮች አንድ የውኃ ቧንቧ ከከባድ መኪናው ቦታ ጎን ይዘርጋ፤ ራዲያተር ይሞላሉ፣ መስታወት ያጥባሉ። እዚያው ላይ ግን በትልቁ «በጋለ ፍሬን ላይ ውኃ አያፍስሱ» ተብሎ ይጻፍ። ከጊቤ ቁልቁለት የመጣ መኪና የፍሬን ከበሮ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቆሞ በነፋስ ይብረድ። ዘይት መቀየርም እዚህ አይፈቀድ።

ሽንት ቤቱ

ቁጥሩ የሚወጣው በአንድ ጊዜ ከሚወርደው ሰው ነው። ከአንድ አውቶቡስ 30 ሴት ብትወርድና እያንዳንዷ 2 ደቂቃ ብትፈጅ 60 ደቂቃ ነው፤ አውቶቡሱ የሚቆመው 15 ደቂቃ ከሆነ 4 በር ያስፈልጋል። ለወንዶች 2 በርና 3 የሽንት መሽኛ ይበቃል። እኩል ቁጥር ሠርቶ የሴቶቹን ሰልፍ ማስረዘም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሰልፉ ሲረዝም ደግሞ ሾፌሩ በሚቀጥለው ቀን ሌላ ቦታ ይቆማል። አንዱ ክፍል በተሽከርካሪ ወንበር የሚገባበት ይሁን፦ በሩ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ መወጣጫው ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር የሚረዝም።

በየበሩ ጀርባ፣ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ጠንካራ ማንጠልጠያ ይመታ። ወለሉ እርጥብ ስለሆነ ቦርሳ፣ ነጠላ ወይም ሻሽ የሚቀመጥበት የለም፤ ሕፃን ያዘለች እናት ይህ ሲጎድል ትቸገራለች። ሳሙና በገመድ የተንጠለጠለ ቢሆን እንኳ አይጥፋ።

በቀን 10 አውቶቡስ ከቆመ 600 ሰው ነው፤ ለአንድ ሰው 5 ሊትር ቢታሰብ 3,000 ሊትር ይሆናል። 5,000 ሊትር የሚይዙ ሁለት ሮቶዎች ውኃ ሲጠፋ ሦስት ቀን ያቆያሉ። አንዱ ሞልቶ 5 ቶን ስለሚመዝን ማማው በቀጭን ብረት አይሠራ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ፣ አንድ አምስተኛው ቢባክን፣ 120,000 ሊትር ይሰበስባል። ይህ የ40 ቀን ፍጆታ ነው፤ ደጋፊ ነው እንጂ ብቻውን አያዘልቅም።

ከሴፕቲክ ታንኩ፣ ማለትም የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ከሚጠራቀምበት ጉድጓድ፣ የሚወጣው ውኃ ወደ መሬት ይሰርግ እንደሆነ አስቀድሞ ይፈተሽ። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ ሞልተው ያሳድሩት፤ ጠዋት እንደገና ሞልተው ይለኩ። በግማሽ ሰዓት ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ከወረደ አፈሩ አይመጥም፣ የማስረጊያው ጉድጓድም በክረምት ይገነፍላል። ያን ጊዜ ሌላ ቦታ መፈለግ ወይም በመኪና ማስመጠጥ ነው። የማስረጊያው ጉድጓድ ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

መስገጃ፣ ጥላና ገበያ

በዚህ አካባቢ መስገጃ የሌለው ማረፊያ ብዙ መንገደኛ ያጣል። ወንድና ሴት የሚለያዩበት፣ 3 በ4 ሜትር የሆኑ ሁለት ንጹሕ ክፍሎች ይበቃሉ። ለውዱእ፣ ከስግደት በፊት ለሚደረገው መታጠብ፣ ቧንቧው ዝቅ ብሎ፣ ከፊቱ የድንጋይ መቀመጫ ኖሮት ይሠራ፤ ሰው በእጅ መታጠቢያው ላይ እግሩን እንዲያነሣ አይገደድ። ቂብላ (የስግደት አቅጣጫ) ከጅማ ከሰሜን ጥቂት ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ክፍሉ ሲሠራ ግድግዳው በዚያው ይቃና፤ በኋላ ምንጣፍ በሰያፍ ማንጠፍ ቦታ ይበላል።

ለጥላ ዋንዛ፣ ሰሳ ወይም ብርብራ በ8 ሜትር ርቀት ይተከላል። ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ቅርንጫፋቸው ስለሚሰበር ከመኪና በላይ አይሁኑ። ዋርካ ደግሞ ሥሩ ንጣፉን ያነሣል።

ቡና፣ ማር፣ አቮካዶና የጅማ በርጩማ የሚሸጡት ሰዎች ከአውቶቡሱ ወደ ሽንት ቤቱ በሚወስደው የእግር መንገድ አንድ ጎን ይደርደሩ፤ ሌላው ጎን ክፍት ይሁን። አስፋልቱ ዳር ከተተዉ በመኪና መካከል እየሮጡ ይሸጣሉ፣ ያም ሕይወት ያስከፍላል። 15 ደቂቃ ለሚቆም ሰው ቡና ቆልቶ ማፍላት አይደረስም፤ ጀበናው አውቶቡሱ ሲገባ የፈላ መሆን አለበት። በጾም ወቅት የጾም ምግብ ሳይጠየቅ ይዘጋጅ።

የሽንት ቤት ክፍያ ካለ ገንዘቡ በቀጥታ ለጽዳት ሠራተኛውና ለመለዋወጫ ይዋል። ቀኑን ሙሉ እዚያው የሚገኝ ሰው ይመደብና እያንዳንዱ አውቶቡስ እንደወጣ ያጽዳ፤ ጠዋትና ማታ ብቻ የሚጸዳ ሽንት ቤት እስከ እኩለ ቀን አይቆይም። መጋዘን ውስጥ ሁልጊዜ የቧንቧ ጎሚኒ፣ ሁለት ሙሉ ቧንቧ፣ የበር መቀርቀሪያና አምፖል ይቀመጥ። የተሰበረ መቀርቀሪያ በዚያው ቀን ይቀየር።