ቆርችን ለአበባው ስንተክለው

ቆርች በደጋና በወይና ደጋ የአጥር ዛፍ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ወለንሱ ይሉታል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኤሪትሪና ብሩሴይ ሲሆን በተፈጥሮ የሚበቅለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። አጥር ላይ በየጊዜው ስለሚመለመል አበባው ብዙም አይታይም። ለብቻው ተተክሎ ሲተው ግን በበጋ ቅጠሉን አራግፎ በየቅርንጫፉ ጫፍ ብርቱካንማ ቀይ አበባ ያወጣል፤ ወለላውን የሚቀስሙ ወፎችም ይሰፍሩበታል። ግቢ ለማስዋብ የውጭ ዛፍ ከመፈለግ በፊት ቆርች ሊታሰብ ይገባዋል።

ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይምረጡለት። እንጨቱ ለስላሳ ስለሆነ ቅርንጫፉ በነፋስ ይገነጠላል፤ ከግድግዳና ከመብራት ሽቦ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። አፈሩ ውሃ የሚቋጥር ዋልካ ከሆነ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ይሥሩ። ቆርችን ከድርቅ ይልቅ የሚገድለው የተኛ ውሃ ነው።

ቀላሉ መንገድ በቁራጭ መትከል ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 1.5 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የበሰለ ቅርንጫፍ በስለታም መጋዝ ይቁረጡ። እሾሃም ስለሆነ ጓንት ያድርጉ። የታችኛውን ጫፍ ቀጥ አድርገው፣ የላይኛውን በሰያፍ ይቁረጡት፤ በሰያፍ የተቆረጠው ውሃ አይዝም፣ ላይና ታቹንም ሲተክሉ አያምታታም። ተዘቅዝቆ የተተከለ ቁራጭ አይረባም። ቁስሉ እንዲደርቅ ጥላ ሥር 2 ወይም 3 ቀን ያቆዩት። ከዚያ 40 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ያቁሙትና አፈሩን በእግር ይጠቅጥቁ። እንደ ችካል በመዶሻ መምታት ልጡን ይሰነጥቀዋል፤ መበስበስም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ቅጠል ማውጣቱ ብቻውን ጸደቀ አያሰኝም። ቁራጩ በግንዱ ባከማቸው ምግብ፣ ሥር ሳይሰድ ጭምር ማቆጥቆጥ ይችላል። ስለዚህ እየነቀነቁ አይፈትሹት፤ ለጋ ሥሩ ይበጠሳል። ክረምቱን ውሃ አያስፈልገውም። በመጀመሪያው በጋ በየ10 ቀኑ 20 ሊትር ይበቃዋል።

በዘር የበቀለ አበባ ለማየት ይዘገያል፤ በአንጻሩ ሥሩ ጠልቆ ስለሚወርድ ነፋስ ለሚበዛበት ግቢ ይመረጣል። የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ነው። ከዓይኑ በተቃራኒ ያለውን ጎን በሞረድ በትንሹ ፍቀው፣ 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ይዝሩት። ዘሩ መርዛማ ነው፤ ልጆች እንዳይነኩት ይጠንቀቁ።

ዛፉ ጤነኛ ሆኖ አበባ ሲነፍግ መጀመሪያ መቀሱን ይጠርጥሩ። አበባው የሚወጣው በቅርንጫፎች ጫፍ ላይ ነው፤ ከክረምት ወዲህ የተገረዘ ዛፍ አበባውን አብሮ አጥቷል። መግረዝ ካስፈለገ አበባው እንደረገፈ፣ አዲስ ቅጠል ሳይወጣ ነው። ዩሪያም አይጨምሩ፤ እንደ ባቄላ ሁሉ ሥሩ ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ያገኛል፤ ትርፉ ቅጠል ማብዛት ነው።

የቀንበጡ ጫፍ ድንገት ከጠወለገና ቀዳዳ ከታየበት ሰርሳሪ ትል ገብቷል። ውስጡ ንጹሕ የሆነ እንጨት እስኪታይ ድረስ ዝቅ ብለው ቆርጠው ያቃጥሉት፤ መሬት ላይ ከተጣለ ትሉ ጎልምሶ ይመለሳል።