«ጉዷ ወጣ!» የሚለውን ቪዲዮ ከልጅ ጋር እንዴት እንደምናየው

ሁለት ዓመት ያህል ሥራዬ ርዕስ ማውጣት ነበር። የጋዜጣ እንዳይመስላችሁ፤ የዩቲዩብ። ስሙን የማልጠራው አንድ የመዝናኛ ቻናል ውስጥ ቁጭ ብዬ «የታዋቂዋ አርቲስት ጉድ ወጣ!» ስል እውል ነበር። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ፀጉሯን ተቆርጣለች።

አሁን ሥራ ቀይሬያለሁ። የ15 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ግን እኔ ስጽፈው የነበረውን ዓይነት ነገር ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍና ታያለች። እህቴ «ስልኩን ልቀማት ነው» አለችኝ። ተይ አልኳት፤ ነገ የጓደኛዋን ስልክ ታያለች። ይልቅ አብረሻት እዪ። ለሁለቱ ያሳየኋቸውን ነው ለእናንተም የምጽፈው።

መጀመሪያ ታምኔሉን፣ ማለትም ቪዲዮው ሳይከፈት የሚታየውን ፎቶ ብቻ እዩ። አትክፈቱት። ቀይ ክብ አለ፣ ቀስት አለ፣ የምታለቅስ ፊት አለ። «ይቺ ፎቶ ከየት የመጣች ይመስልሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የምትመጣው ከድራማ ነበር። ሴትየዋ ተዋናይት ናት፣ የሆነ ክፍል ላይ አልቅሳለች፤ ያቺን ቆርጠን እንለጥፋለን። ከዚያ ጥያቄ ምልክቷን ፈልጉ። «ከባሏ ተለያየች?» ጥያቄ ምልክት የኛ ጠበቃ ነበረች። ኧረ አልተለያየችም ብትሉን፣ እኛስ መቼ ተለያየች አልን? ጠየቅን እንጂ! ስም የሌለው ርዕስም አለ፤ «ታዋቂው ድምፃዊ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ። ስሙን ብንጽፈው ማንም አይከፍተውማ።

አሁን ክፈቱት፤ ግን ሰዓት ያዙ። እንደ ፈረንጆቹ ከ2020 ጀምሮ ዩቲዩብ ቪዲዮ መሃል ማስታወቂያ ለማስገባት 8 ደቂቃ ይበቃል ብሏል። ከዚያ በፊት 10 ነበር። እንግዲህ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ወሬ 8 ደቂቃ እስኪሞላ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። «ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ…» የሚባለው ለዚህ ነው። ልጅቷ ደብተር ትያዝ። ዋናው ወሬ ስንተኛው ደቂቃ ላይ መጣ? ማን ነው የተናገረው? «የውስጥ ምንጮች» ሰው አይደሉም፤ አይቆጠሩም። የኛዋ የመጀመሪያውን ስትመዘግብ ወሬው የመጣው ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ነበር። ወሬውም «አርቲስቷ እስካሁን ምንም አላለችም» የሚል ሆነ። ሦስት ቪዲዮ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ራሷ መሳቅ ትጀምራለች።

የታዋቂ ሰዎች የሰርግና የልደት ቪዲዮ ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሐሜቱ ውሸት ስለሆነ ይሳቅበታል። ይሄኛው እውነት ነው፤ አዳራሹ አለ፣ ባለ አምስት ፎቁ ኬክ አለ፣ በሪቫን የታሰረ ስጦታ መኪና አለ። ልጅ በሐሜት ሳይሆን በዚህ ነው የምትጎዳው። የእህቴ ልጅ አንድ ቀን «ዘንድሮ ልደቴን ባናከብር ይሻላል» አለች። እናቷ ድፎ ዳቦ ልትደፋላት አስባ ነበር።

ስለዚህ ቪዲዮውን ከመጨረሻው ጀምራችሁ እዩ። «ዲኮሩን የሠራልን፣ ሜካፑን የሠራችልን፣ ቀሚሱን ያዘጋጀልን፣ ከልብ እናመሰግናለን» የሚል ቦታ አለ። ምስጋና ይመስላል። በኔ ቤት ደረሰኝ ነው። በነጻ ወይም በቅናሽ የተሰጠው ነገር ሒሳቡ የሚወራረደው እዚያ ላይ ነው። እነዚያን ስሞች በትክክል መጻፍ የኔ ሥራ ነበር። አንዱን ፊደል ብስት ስልክ ይደወልብኛል። የሙሽሮቹን ስም ብስት ግን ማንም አይደውልም ነበር። ለልጅቷ ወረቀት ስጧትና የተመሰገኑትን ትጻፍ፤ ከዚያ አዳራሹ ውስጥ ካየችው ላይ እየቀነሰች ትሂድ። የቀረውን ደግሞ ዋጋ ጠይቁ። እኛ አንድ ዲኮር ቤት ደወልን፤ እሷው ናት ያናገረቻቸው። ዋጋውን ስትሰማ ምንም ሳትል ስልኩን ለኔ አቀበለችኝ።

ታላቅ ወንድሜ ይሄን ሁሉ ሲሰማ «በኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» ይላል። ነበር! የፕሬስ አዋጁ በ1985 ከወጣ በኋላ እሱ ራሱ አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲከራይ፣ መጀመሪያ የሚገልጠው የአርቲስቶቹን ገጽ ነበር። ልጃችሁ ከፍ ካለች የእንግሊዞቹን ታሪክ ንገሯት። ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ 168 ዓመት የታተመ ጋዜጣ ነው። የታዋቂ ሰዎችን ስልክ ሰብሮ የድምፅ መልእክት ሲያዳምጥ ኖረ። የጠፋች የ13 ዓመት ልጅን መልእክት ጭምር እንዳዳመጠ ሲታወቅ ግን ሕዝቡ ተነሣበት፤ በ2011 እንደ ፈረንጆቹ ተዘጋ። የእህቴ ልጅ ይሄን ሰምታ «ሲገዙት የነበሩትስ ሰዎች?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስልኩ ላይ የሚሠራው ጥቂት ነው። ቪዲዮው አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ ቻናሉን እንዳያመጣባችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ። ቲክቶክ ላይ ደግሞ የራስን ላይቭ ለመክፈትም ሆነ ጊፍት (በገንዘብ የሚገዛ ስጦታ) ለመላክ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ዕድሜዋን ስንት ብላ እንደሞላች እዩ። የኛዋ 27 ዓመቷ ነበር።

በመጨረሻ ራሷ ርዕስ ታውጣ፤ በቤተሰቡ ላይ። ይሄን አትዝለሉት። ወንድሜ ለሥራ ሦስት ቀን አዳማ ሄዶ ነበር። ልጅቷ ሚስቱን ሽንኩርት ስትከትፍ፣ እንባዋ ሲወርድ ፎቶ አነሳቻት። ቀይ ክብ አደረገችበትና «ባለትዳሩ ከቤት ጠፋ! ሚስት እንባዋን መቆጣጠር አቃታት?» ብላ ቤተሰብ ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው። እኔ በሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ጽፌ አላውቅም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እናቴ ከደብረ ብርሃን ደወለች፤ ድምጿ ይንቀጠቀጣል።

«አያቴ፣ ኧረ ጥያቄ ምልክት እኮ አለው!» አለቻት።

«የምን ምልክት?» አለች እናቴ። መነጽሯን አላደረገችም ነበር።