ጠብታውን ከሻንጣችሁ አውጡት

ጎንደር የመጣሁት ለጥምቀት ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። አንዱ ፒያሳ ቡና ላይ፣ ሁለቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ስንመለስ መንገድ ላይ። «ዓይኔ እየተመላለሰ ይቀላል። አሜሪካ ስገባ የት ልታይ? እስከዚያውስ ምን ጠብታ ልያዝ?»

አራተኛዋ የአክስቴ ልጅ ናት። ልጇ ዲቪ ደርሷት ሐሙስ ትበራለች። ሻንጣዋን ስናዘጋጅ ከበርበሬውና ከሽሮው መሐል አምስት ብልቃጥ የስቴሮይድ ጠብታ፣ ቅላት የሚያጠፋው፣ ወጣ። «ወንድምዓለም፣ እዚያ እኮ ያለ ሐኪም ወረቀት አይሸጡም አሉ» አለችኝ። አዎ፣ አይሸጡም። የማይሸጡበትን ምክንያት እኔ በአንድ ዓይኔ ከፍዬ ነው ያወቅሁት። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ልላከው።

መጀመሪያ ማን ምን እንደሆነ እንለይ። አሜሪካ ውስጥ «የዓይን ሐኪም» ስትሉ ሦስት ዓይነት ሰው ሊገጥማችሁ ይችላል። አንዱ መነጽር የሚሠራና የሚያስተካክል ባለሙያ ነው፤ በሽታ አይመረምርም። ሁለተኛው ኦፕቶሜትሪስት ነው። የማየት አቅም ይለካል፣ መነጽር ያዝዛል፣ ብዙ የዓይን በሽታም ያውቃል። ሦስተኛው ኦፍታልሞሎጂስት ነው፤ ሕክምና ተምሮ በዓይን ላይ ስፔሻላይዝ ያደረገ፣ ቀዶ ጥገና የሚሠራ። አንድ ጊዜ ለቀላ ዓይን ኦፕቶሜትሪስት ይበቃል። ለሚመላለስ ሕመም ግን ሦስተኛውን ፈልጉ። በተለይ ኮርኒያ፣ የዓይን የፊት መስታወት፣ ላይ የሚሠራ ካለ እሱን።

ኢንሹራንሱም እንደዚሁ ለሁለት ተከፍሏል። «ቪዥን» የሚባለው ለመነጽርና ለዓመታዊ ምርመራ ነው። የቀላና የሚያም ዓይን በ«ሜዲካል» ነው የሚታየው። ይህን ሳያውቁ ቪዥን ካርዱን ብቻ ይዘው ሄደው ሙሉ ሂሳብ የተጠየቁ ሰዎች አውቃለሁ። ቀጠሮ ስትይዙ «ለመነጽር አይደለም፣ ለሕመም ነው» በሉ። ካርዱን የሰጣችሁ መሥሪያ ቤት ይህን ቁጭ ብሎ አያስረዳችሁም። አርባ ገጽ ወረቀት በፖስታ ይልክላችኋል።

አሁን ወደ እኔ ነገር።

ቨርጂኒያ ከገባሁ ሦስት ወር አልሞላኝም። ሌሊት መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። ቀኝ ዓይኔ ቀላ። ሻንጣዬ ውስጥ ከዚሁ ከጎንደር የያዝኩት ዴክሳሜታዞን የሚባል የስቴሮይድ ጠብታ ነበረ። በሁለት ቀን ዓይኔ ነጣ። ደስ አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ጨመርኩ። በዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ። ሁልጊዜ ያው ቀኝ ዓይን ነው። በመሐል አንድ መነጽር ቤት ሄጄ ነበር። ያን ቀን ዓይኔ ነጭ ስለነበር «ድርቀት ነው» ብለው የእንባ ምትክ ሸጡልኝ።

በስድስተኛው ጠብታው አልሠራም። መብራት ማየት አቃተኝ። ሁሉ ነገር እንፋሎት በያዘው መስታወት የማይ መሰለኝ። ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሟ በስልክ አስተርጓሚ «ከንፈርህ ላይ ቁስል ይወጣብሃል?» አለችኝ። «አልፎ አልፎ ምች ይመታኛል» አልኳት። አስተርጓሚው አንድ ነገር አላት። ጻፈችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። ሌላ ጠንከር ያለ ስቴሮይድ ታዘዘልኝ። ባሰብኝ።

የበሽታው ስም የተገኘው ሌላ ሐኪም ጋ ነው። ዓይኔ ላይ ብርቱካንማ ቀለም ጨመረ። በሰማያዊ ብርሃን ሲያየው ቁስሉ አረንጓዴ ሆኖ አበራ። በጥጥ ጫፍ የዓይኔን የፊት መስታወት፣ ኮርኒያውን፣ ነካው። ግራውን ሲነካ ዘለልኩ። ቀኙን ሲነካ ምንም አልተሰማኝም። ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ነው አለኝ። ከንፈር ላይ ምች የሚያወጣው ያው ቫይረስ ነው። ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖርና እየቆየ ይነሣል። ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይን ብቻ ይመታል።

ስሙን ሰምታችሁ አትደንግጡ፣ አትፍሩም። ብዙ ሰው በልጅነቱ በምራቅ ንክኪ የሚይዘው ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ይህን ያልኩት አንድ ጓደኛዬ ስሙን ሰምቶ ከሚስቱ የደበቀበትን ጊዜ ስለማስታውስ ነው። ሕክምናውን ያቋረጠውም በዚያው ነው።

ስቴሮይድ ጠብታ የሰውነትን መከላከል ያዳክማል። ቅላቱ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ቫይረሱ ግን አልሞተም፤ ዓይኑ ነጥቶ እያለ ቁስሉ ይሰፋል። የሚሰጥበት ጊዜ አለ፣ ግን ሐኪም እያየው፣ ከፀረ ቫይረስ መድኃኒት ጋር ነው። ሲቆይ ደግሞ የዓይን ግፊት ሊጨምርና የዓይን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። የዓይን ሞራም ሊያመጣ ይችላል። ጤነኛ የዓይን ግፊት በአብዛኛው ከ10 እስከ 21 ነው። የእኔ 34 ደርሶ ነበር። ግፊቱ አያምም። ካልተለካ አይታወቅም። ግፊቴ ወርዷል። የኮርኒያው ጠባሳ ግን ቀርቷል። በቀኝ ዓይኔ በመነጽርም ቢሆን የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ አልችልም።

የመጀመሪያዋን ሐኪም ማስታወሻ በኋላ በኢንተርኔት ከፍቼ አነበብኩት። «ፀሐይ መትቶት ያውቃል» ይላል። አስተርጓሚው ምችን እንደዚያ ነበር የተረጎመው። ልወቅሰው ይከብደኛል፤ እኛም ምችን ከፀሐይ ጋር አያይዘን ዳማከሴ አሽተን ነው ያደግነው። እናንተ ግን «ምች» አትበሉ። «ከንፈሬ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ይመለሳል» በሉ። ፎቶ ካላችሁ አሳዩ። አስተርጓሚ በነጻ ማግኘት መብታችሁ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ግዴታ አለበት፤ መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። የ12 ዓመት ልጃችሁን ይዛችሁ አትሂዱ። የጻፉትንም ጠይቃችሁ አንብቡ። የራሳችሁ መዝገብ ነው፣ ኮፒ ሊከለክሏችሁ አይችሉም።

አሁን በቀን ሁለቴ 400 ሚሊ ግራም አሲክሎቪር፣ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት፣ እውጣለሁ። ሐኪሜ በ1998 የታተመ ጥናት ነገረኝ። 703 ሕመምተኞች ላይ የተሠራ ነው። ለ12 ወር ይህን ከወሰዱት 19 በመቶው፣ ካልወሰዱት 32 በመቶው ላይ በሽታው ተመልሷል። ከጀመርኩ ወዲህ አንዴ ብቻ ነው የተነሣብኝ። ጠበልም እጠመቃለሁ። መድኃኒቱን ግን ለአንድ ቀን አላቋርጥም፤ የንስሐ አባቴም አቋርጥ አላሉኝም።

የሚመላለስ የቀላ ዓይን ሁሉ የእኔው በሽታ ነው እያልኩ አይደለም። ሁለቱም ዓይን የሚያሳክክ ከሆነና በሚያዝያ ከተነሣ አለርጂ ሊሆን ይችላል፤ ቨርጂኒያ በጸደይ መኪናው ሁሉ በአበባ ብናኝ ቢጫ ይሆናል። ያለ ዓይናር የሚያም፣ ብርሃን የማይችል ከሆነ የዓይን ውስጥ ብግነት ሊሆን ይችላል። እሱ ደግሞ የደም ምርመራና የቲቢ ምርመራ ሊያስፈልገው ይችላል። ለቪዛ የተነሣችሁት የደረት ራጅ ከተሰጣችሁ አትጣሉት። የቪዛው ምርመራ ዓይናችሁን መረመረ ማለት ግን አይደለም።

እናትና አባታችሁን የምትወስዱ ደግሞ ይህን ስሙኝ። የኛ ክልል የዓይን ማዝ፣ ትራኮማ፣ ክፉኛ የጎዳው ነው። ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ኮርኒያውን ይፍቃል። ብዙ እናቶች በወረንጦ እየነቀሉ ዘመናቸውን ገፍተዋል። ቀዶ ጥገና ተሠርቶም ሊመለስ ይችላል። የአሜሪካ ሐኪም በሕይወቱ አንድም አላየ ይሆናል። ስለዚህ «ትራኮማ ካለበት አካባቢ ነው የመጣነው፣ የላይኛውን ቆብ ገልብጠህ እይልን» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። እናቴ በወረንጦ እንደምትነቅል ለሐኪም አልተናገረችም ነበር። አልጠየቋትማ።

ምርመራው እንዲሳካ ዓይኑ ቀልቶ እያለ መታየት አለበት። ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲሆን ዓይኑ ነጥቶ ይጠብቃችኋል። ስልክ ላይ «ዓይኔ ቀልቷል» ብቻ ካላችሁ ወረፋ ይሰጧችኋል። «ያመኛል፣ ብርሃን አልችልም፣ እይታዬ ደብዝዟል» በሉ፤ እውነት ከሆነ። ያኔ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ የመታየት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ባለበት ከተማ ብዙውን ጊዜ ተረኛ የዓይን ሐኪም ስላለ እዚያ ደውሉ። በቀላ ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። የትኛው ዓይን፣ መቼ፣ ስንት ቀን፣ ምን ጨመርኩ የሚለውን ጻፉ። «ነጭ ክዳን ያለው ጠብታ» ማለት ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። ብልቃጡን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። የ9 ሰዓት ቀጠሮ የእኛ 3 ሰዓት መሆኑንም አትርሱ፤ በዚህ ቀጠሮ ያመለጠው ሰው ብዙ ነው።

ገና ያልሄዳችሁ ደግሞ እዚሁ ታዩ። እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው፣ ኦፕቶሜትሪስትም ያሠለጥናል። ማዝንም ምችንም ያለ አስተርጓሚ የሚያውቅ ሐኪም ትታችሁ ባሕር ማዶ መፈለግ ምን ይሉታል? የበሽታውን ስምና የመድኃኒቱን ስም በእንግሊዝኛ በግልጽ አጽፋችሁ ያዙ።

የአክስቴ ልጅ አምስቱንም ብልቃጥ ስታወጣ ፊቷ ጠቁሯል። አልፈረድኩባትም፤ ለልጇ ስትል ነው። ልጅቷ ዛሬ ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ተነሣች። ምንም አልጨመረችበትም። ፎቶ አነሣንና ይዣት ወደዚሁ ሆስፒታል መጣሁ። አሁን ተራ እየጠበቅን ነው፣ ከፊታችን ስድስት ሰው አለ።