ቴርሞስታቱ ወጥቶ ከመጣሉ በፊት፦ የሞተር ማቀዝቀዣ ችግርን እንዴት መመርመር እንደሚቻል

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ መኪና ከ1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ጭነት የያዘ ሞተር በዚህ ዳገት ላይ ሙቀት ሲያበዛ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው በራዲያተሩ (በውሃ ማቀዝቀዣው) በኩል እንዳይዘዋወር የሚዘጋውን ቫልቭ፣ አውጥቶ መጣል ነው። ይህ ግን ጉድለቱን መሸፈን እንጂ መጠገን አይደለም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደብረ ብርሃን ብርድ የሥራ ሙቀቱን ለማግኘት ስለሚቸገር ነዳጅ ያባክናል፤ ዘይቱም በደንብ ስለማይሞቅ የሞተሩ ውስጣዊ ክፍሎች ያለጊዜያቸው ይበላሉ።

ምርመራው የሚጀምረው መፍቻ በማንሳት ሳይሆን ሙቀቱ መቼ እንደሚጨምር በማስተዋል ነው። መኪናው ቆሞ ሲሠራ ሞቆ፣ መንገድ ላይ ፍጥነት ሲይዝ የሚበርድ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፋኑ (ወደ ራዲያተሩ ማራገቢያ) ያመራል። ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ብቻ የሚያፈላ ከሆነ የራዲያተሩ መደፈን፣ የውሃው ማነስ ወይም የውሃ ፓምፑ መድከም ይታሰባል። ሞተሩ በተነሳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጌጁ (የሙቀት መለኪያው) ወደ ቀዩ የሚሮጥ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ረጅም መንገድ ተኪዶም ጌጁ ከታች የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ቴርሞስታቱ ወይ ክፍት ሆኖ ቀርቷል፣ ወይ ከነጭራሹ የለም።

ቀጥሎ፣ ጠዋት ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ ውሃው እስከ አፉ መሙላቱ ይታያል። የሞቀ ራዲያተር መክፈት ፊትንና እጅን ክፉኛ ስለሚያቃጥል፣ የላይኛው የጎማ ቱቦ በርዶ በእጅ ሲጨመቅ ልስልስ ካላለ ክዳኑ ፈጽሞ መነካት የለበትም።

ክዳኑ ራሱ ብዙ ሰው የሚንቀው ዕቃ ነው፤ በደጋ አገር ግን ከሁሉም በፊት መፈተሽ ያለበት እሱ ነው። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላ እዚያ ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚወስደውም በዚሁ ምክንያት ነው። የአብዛኛው ሞተር የሥራ ሙቀት ደግሞ እዚያው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ውሃው እንዳይፈላ የሚከለክለው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 የሚል የግፊት ቁጥር (በባር) ያለበት ደህና ክዳን ደብረ ብርሃን ላይ ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ግፊቱን ስለማይዝ፣ ሌላ አንዳች ጉድለት የሌለበት ሞተር ውሃውን እያፈላ ያወጣል። አዲስ ክዳን ሲገዛ ለመኪናው የተወሰነው ቁጥር ያለበት መሆኑ ይረጋገጥ።

ክዳኑና የውሃው መጠን ደህና ከሆኑ ቴርሞስታቱ ሳይወጣ በእጅ ዳሰሳ ይፈተናል። የቀዘቀዘው ሞተር ይነሳና የቴርሞስታቱን ቤት ከራዲያተሩ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ በየጊዜው ይዳሰሳል፤ በዚህ ጊዜ እጅም ሆነ የጋቢ ጫፍ ከፋኑና ከቺንጋው (ከሚሽከረከረው ቀበቶ) መራቅ አለበት። ይህ ቱቦ በብዙ መኪኖች የላይኛው ነው፤ በብዙ ቶዮታዎች ግን ቴርሞስታቱ በታችኛው ቱቦ በኩል ይገኛል። ቱቦው ለጥቂት ደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ቆይቶ ጌጁ ወደ መካከል ሲጠጋ የሚሞቅ ከሆነ ቴርሞስታቱ ይሠራል። ከመጀመሪያው አንስቶ ቀስ በቀስ የሚሞቅ ከሆነ አልተዘጋም፤ ጌጁ ወደ ቀዩ እየሄደ ቱቦው ቀዝቃዛ ሆኖ ከቀረ ደግሞ አልተከፈተም። በሲስተሙ ውስጥ የታፈነ አየርም ይህንኑ የመጨረሻ ምልክት ስለሚያሳይ፣ ውሃው መሙላቱን ሳያረጋግጡ መፍረድ አይገባም።

ጥርጣሬው ከቀጠለ ቴርሞስታቱ ወጥቶ በድስት ውሃ ውስጥ ይፈተናል። የድስቱን ግርጌ እንዳይነካ በሽቦ ይንጠለጠላል፤ ቴርሞሜትርም ይገባል። አካሉ ላይ 82 ተብሎ የተቀረጸበት ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ አካባቢ፣ በውስጡ ያለው ሰም ሲያብጥ መከፈት ይጀምራል፤ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ግን ከ10 ዲግሪ በላይ ጨምሮ ነው። እዚህ ላይ የደጋ ሰው ሊሳሳት ይችላል። ደብረ ብርሃን ላይ በክፍት ድስት ያለ ውሃ ከ91 ዲግሪ ብዙም ስለማያልፍ ደህና ቴርሞስታት እንኳ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አይታይም፤ 88 የተቀረጸበትማ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ መመዘኛው በተጻፈው ዲግሪ አካባቢ መከፈት መጀመሩና ውሃው ሲበርድ ጥብቅ ብሎ መዘጋቱ ነው።

የቀሩት ክፍሎች ቶሎ ይታያሉ። የኤሌክትሪክ ፋን ያለው መኪና ኤሲው ሲከፈት ፋኑ ካልተነሳ ፊውዙ፣ ሪሌው (የኤሌክትሪክ ማብሪያው) ወይም የፋኑ ሞተር ይፈተሻል። ፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ የውሃ ወይም የዝገት መስመር ከወረደ ፓምፑ ደክሟል፤ የላላ ቺንጋም እንዲሁ ያሞቃል። ፍሳሽ ሳይታይ ውሃ የሚጎድል፣ ዘይቱ ወተት የሚመስል፣ ወይም ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሳ በራዲያተሩ አፍ ያለማቋረጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ሳይበላሽ አልቀረም፤ እንዲህ ያለ መኪና ሳይነዳ ወደ ባለሙያ ቢወሰድ ይሻላል። መንገድ ላይ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መገልበጥ ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ስለሚችል መብረዱን መጠበቅ ግድ ነው።

አዲሱ ቴርሞስታት ሲገጠም የአየር ማስወጫዋ ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን። የሚሞላው ተራ ውሃ ብቻ ሳይሆን ኩላንት የተቀላቀለበት ይሁን፤ ተራው ውሃ ዝገት ያመጣል፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ውርጭም ሊረጋ ይችላል። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩ እየሠራ ሲሞላ የታፈነው አየር ይወጣል፤ ውሃው መውረዱን ሲያቆም ክዳኑ ይዘጋል። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ እንደበረደ ይታይና የጎደለው ይሞላ፤ በየቀኑ መጉደሉን ከቀጠለ ፍለጋው ወደ ፍሳሹና ወደ ጓርኒሲዮኑ ይመለሳል።