የካምፒንግ ተሳቢ ችግርና መፍትሄ፦ መስከረም ላይ የሚያቃጥለን ኩሽኔታ

መስከረም ሲጠባ ሰው አደይ አበባ ይጠብቃል። እኛ ጋራዥ የተቃጠለ ኩሽኔታ እንጠብቃለን። ኩሽኔታ ማለት ጎማው አክስሉ ላይ እንዲሽከረከር የሚያስችለው፣ ሮለሮች ያሉበት የብረት ቀለበት ነው።

ጋራዣችን ተክለሃይማኖት አካባቢ ነው። የዘወትር ሥራችን ሚኒባስና ፒክአፕ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ጓደኛሞች ገንዘብ እያዋጡ፣ የአሮጌ መኪና አክስል እየገዙ የካምፒንግ ተሳቢ ማስበየድ ጀምረዋል። ውስጡ ፍራሽ፣ ከኋላው ማብሰያ፣ ከጎኑ የሚዘረጋ ሸራ። ከዚያ ወንጪ፣ ሱባ፣ ጓሳ፣ ባሌ። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ሁለት ጊዜ ጋብዘውኝ አብሬ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ እጄ ግራሶ እንደለበሰ ነው የተመለስኩት።

ስለ ጎማ ንፋስ፣ ስለ ዘይትና ውሃ አላወራም። እሱን ታውቃላችሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ የተሳቢው ትርፍ ጎማ ብዙ ጊዜ ከመኪናው የተለየ ነው። መኪናው ባለ ስድስት ቡሎን፣ ተሳቢው ባለ አራት ሆኖ፣ መንገድ ላይ ጎማ ታቅፈው የቆሙ ሰዎች አይቻለሁ።

ጎማው ይጮሃል፣ ይግላል፣ ይሸታል

ወደ እኛ ከሚመጡት ተሳቢዎች አብዛኞቹ ሕመማቸው ይሄው ኩሽኔታ ነው። ስለዚህ ታገሱኝ፣ ላስረዝመው ነው።

መጀመሪያ ከኋላ እንደ ንብ ቀፎ የሚል ድምፅ ይመጣል። ሙዚቃ ተከፍቶ፣ ስድስት ሰው እየተሳሳቀ፣ ማን ይሰማዋል? ቀጥሎ ሽታ አለ። የፍሬን ሸራ የተቃጠለ ይመስላል። ስትቆሙ ቸርኬው ላይ በውስጥ በኩል ጥቁር ግራሶ ተረጭቶ ታገኛላችሁ። ከዚያ ጎማው ዘመም ይላል። እዚህ ከደረሰ የቀረው ጥሏችሁ መሄዱ ነው።

ጥሎም ይሄዳል። ስድስት ጓደኛሞች ወደ ጓሳ ሲወጡ፣ ሸኖን አለፍ እንዳሉ አንድ ጎማ በቀኝ በኩል ቀደማቸው። ሹፌሩ «ይሄ ደግሞ የማነው?» ብሎ ሳይጨርስ ተሳቢው ወደ ጎን ተኛ። ጎማው አስፋልቱን ለቆ፣ ቦዩን ዘሎ፣ ገብስ ማሳ ውስጥ ገባ። አንድ እረኛ እያንከባለለ አመጣላቸው። ማንም አልተጎዳም። ከፊታቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ግን ዛሬ ይሄን እየሳቅኩ አልጽፍም ነበር።

ምክንያቱ የሚጀምረው መንገድ ላይ አይደለም። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ነው። ተሳቢው ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ላይ ይቆማል። ግማሽ ጎማው ጭቃ ውስጥ ነው። ኩሽኔታውን ከውሃ የሚከልለው ላስቲክ («ሲል» የምንለው) ሲያረጅ ውሃ ያስገባል። ጎማው ስለማይሽከረከር የኩሽኔታው ሮለሮች ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ተጭነው ይቀመጣሉ። እርጥበቱም እዚያው ነክሶ ይይዛል። መጀመሪያ የዝገት ነጥብ ትሆናለች፣ ቀጥሎ ጉድጓድ። ጉዞ ሲጀመር ሮለሩ ጉድጓዷን እየመታ ያሰፋታል። ብረቱ ይግላል፣ ግራሶው ቀልጦ ይፈሳል፣ ብረት ብረትን መብላት ይጀምራል። መኪናችሁ ይሄ የማይደርስበት በየቀኑ ስለሚነዳ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ወንዝ ነው። ኩሽኔታው ያለበት የጋለ የጎማ መሀል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። ሲኮማተር ውሃውን በሲሉ በኩል ስቦ ያስገባል። ፎቶ ለመነሳት ብላችሁ ወንዝ መሀል አትቁሙ። ብትችሉ ከመሻገራችሁ በፊት ትንሽ ቆማችሁ አቀዝቅዙት።

ሦስተኛው የጎበዝ ጉልበት ነው። አንድ ልጅ ራሴ ግራሶ እቀባለሁ ብሎ ፈታው። ጎሽ። ሲመልሰው ግን ኩሽኔታውን የሚይዘውን ዳዶ በቁልፍ ላይ ቱቦ ሰክቶ አጠበቀው። «እንዳይፈታ ብዬ ነው» አለኝ። አልተፈታም፣ እውነቱን ነው። ሆለታ ሳይደርስ ኩሽኔታው ከአክስሉ ጋር ተጣብቆ፣ ተሳቢው በአይሱዙ ተጭኖ መጣ።

ለማወቅ ቀላል ነው። ተሳቢውን ከመኪናው ሳትፈቱ፣ ሌላኛውን ጎማ በድንጋይ አስደግፉና በክሪክ አንሱት። በክሪክ ብቻ በቆመ ተሳቢ ሥር አትግቡ። አትግቡ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ቋ ቋ ካለ ክፍተት አለው። ከዚያ አሽከርክሩትና አንድ እጃችሁን ባሌስትራው ላይ (ክብደቱን የሚሸከመው የታጠፈ ብረት ላይ) አሳርፉ። ጤነኛ ኩሽኔታ ዝም ይላል። የታመመው አሸዋ የሚፈጭ ይመስል በብረቱ በኩል እጃችሁን ይነዝራችኋል። ጆሯችሁን ሳይሆን እጃችሁን እመኑ።

ጥገናው ይሄ ነው። የግራሶ ክዳኑን አውጡ፣ ዳዶው እንዳይዞር የምትይዘውን ሽቦ አቃኑና አውጡ፣ ዳዶውን ፍቱ፣ የውስጡንም የውጪውንም ኩሽኔታ አውጡ። በናፍጣ እጠቡና በጨርቅ አድርቁ። ሮለሩ ላይ ወይም ቀለበቱ ላይ ጥፍር የሚይዝ ነጥብ ካለ፣ ወይም ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ፣ አልቆለታል። ሲቀየር ከነውጪኛው ቀለበት ነው የሚቀየረው። ቀለበቱ ውስጥ ተነክሶ ስለሚቀመጥ ማውጣቱ ያደክማል። ስለሚያደክም ብዙ ሰው አዲስ ሮለር አሮጌ ቀለበት ላይ ይገጥማል። እንደዚህ ከምታደርጉ ባትነኩት ይሻላል። አዲሱ በአሮጌው ጉድጓድ ተበልቶ በአንድ ጉዞ ያልቃል።

ግራሶው ለጎማ ኩሽኔታ የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል፣ ቁጥር 2 ይሁን። መዳፋችሁ ላይ አድርጉና ኩሽኔታውን እየጫናችሁ፣ ግራሶው በሮለሮቹ መሀል አልፎ በሌላው በኩል እስኪወጣ ሙሉት። ላይ ላዩን መቀባት ፀጉር መቀባት ነው። አሮጌው ላይ የሌላ ዓይነት አትጨምሩ፤ አንዳንዶቹ ሲቀላቀሉ ይቀጥናሉ። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ደግሞ ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት። ትርፉ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሲሉንም ገፍቶ ያወጣል።

ዳዶውን ጎማውን እያሽከረከራችሁ ጎማው ከበድ እስኪል አጥብቁት። ከዚያ ሙሉ በሙሉ አላሉት። ከዚያ በጣት ብቻ እስኪቆም መልሱት። የሽቦዋ ቀዳዳ ካልገጠመ ወደ ማላላት እንጂ ወደ ማጥበቅ አትሂዱ። ሽቦዋ አዲስ ትሁን። ሲሉም አዲስ ይሁን። ለጉዞው ሥጋ ካወጣችሁት ጋር ሲተያይ የሁለቱ ዋጋ ምንም አይደለም።

አሁን ስለ ዕቃው። ሳጥኑ ላይ የታወቀ የጃፓን ስም ያለበት፣ ብረቱ ላይ ግን አንድም ቁጥር ያልተቀረጸበት ኩሽኔታ በየወሩ ይመጣልኛል። አንዱ ከገጠመው 90 ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ሮለሩ እንደ ቆሎ ተፈርፍሮ አየሁት። ዕቃ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ውጡ። ብረቱ ላይ ያለውን ቁጥር ከአዲሱ ብረት ጋር አስተያዩ፤ ከሳጥኑ ጋር አይደለም። ጽሑፉ በጥፍር የሚለቅ ከሆነ መልሱት። ባለሱቁ «ያው ነው» ካላችሁ ደግሞ ቶሎ ውጡ። ያው ከሆነ ለምን ይረክሳል? እኔ ከደካማ አዲስ ይልቅ ንጹሕ ያገለገለ ኦሪጅናል እመርጣለሁ። ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም።

መንገድ ላይ ከሆናችሁስ? በአምቦ መስመር ሆለታ፣ በደብረ ብርሃን መስመር ሰንዳፋ ስትደርሱ ቁሙ። ሁለቱም 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። የእጃችሁን ጀርባ ወደ ጎማው መሀል አስጠጉ። ለብ ካለ ደህና ነው። መንካት ካልቻላችሁ፣ ወይም አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ፣ ጉዞው እዚያው ነው የሚያልቀው። ውሃ አትድፉበት። የጋለ ብረት ይሰነጠቃል፣ ውሃውም ውስጥ ይገባል። እስኪበርድ ቡና አፍሉ። ትርፍ ኩሽኔታ ከነሲሉና ትንሽ ግራሶ ከያዛችሁ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ካልያዛችሁ ተሳቢውን በአደራ አስቀምጣችሁ ተመለሱ። «ቀስ ብለን እንደርሳለን» ያሉኝ ሰዎች አክስሉን አስቆርጠው ሌላ አስበይደዋል።

ተሳቢው እንደ እባብ ይጥመለመላል

ምክንያቱ ጭነት ከኋላ መብዛቱ ነው። ሌላ ነገር ከመፈለጋችሁ በፊት የኋላውን በር ክፈቱ። አንዴ የከፈትኩት ውስጥ ባለ 20 ሊትር አራት ጀሪካን ውሃ፣ ጄኔሬተርና አንድ የታሰረ በግ ነበር። በጉ የሚንቀሳቀስ ጭነት ነው። ሲቆም ተሳቢው ይወዛወዛል፣ ሲተኛ ይረጋል። ልጆቹ አክስሉ ተጣሟል ብለው ነበር የመጡት።

ከጭነቱ 60 በመቶ ያህሉ ከአክስሉ ፊት ይሁን። መጎተቻው ክንድ ኳሷ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ውሃ ከታችና አክስሉ ላይ ይቀመጥ። እየነዳችሁ ከጀመረ ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ፍሬን አትርገጡ። ነድታችሁ አታመልጡትም፤ ፍጥነት ሲጨምር እሱም ይብሳል።

ፍሬቻ ሲበራ ስቶፑ አብሮ ብልጭ ይላል

ችግሩ ነጋቲቭ ሽቦው ነው። አምፖል እየቀያየራችሁ ቀኑን አትፍጁ። በያጁ ሻንሲውን ቀለም ቀብቶ፣ ሽቦውን በቀለሙ ላይ አስሮታል። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቁት፣ እሰሩት፣ ከላይ ግራሶ ቀቡት። የሚሻለው ደግሞ ከመኪናው ድረስ የራሱ ነጋቲቭ ሽቦ መዘርጋት ነው። በመጎተቻ ኳሷ በኩል መብራት ይመጣል ብላችሁ አትመኩ።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እየለቀቀ ይሄዳል

እዚህ የሚበየዱ ተሳቢዎች አብዛኞቹ የራሳቸው ፍሬን የላቸውም። ያን ሁሉ ክብደት የሚይዘው የመኪናው ፍሬን ብቻ ነው። ከጣርማበር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትገቡ ፔዳሉ ለስለስ ካለ፣ የፍሬኑ ሸራ ግሏል ማለት ነው። የዓባይ ቁልቁለት ብቻውን ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር በከባድ ማርሽ (በአንደኛ ወይም በሁለተኛ) ግቡ። በዜሮ ማርሽ ነዳጅ ልቆጥብ የሚል ሹፌር ካላችሁ ከመሪው አውርዱት። ጓደኛም ቢሆን።

ትንንሾቹ

መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት አጣ፦ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበት ያጣል። ባሌ ተራሮች ላይ ያለው ሰነቲ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ሞተሩ አልታመመም፤ ጭነት ቀንሱ።

ድንቹ አልበስል አለ፦ አዲስ አበባ ራሱ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በየ300 ሜትሩ ደግሞ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ፕሬሸር ድስት ያዙ።

ጠዋት ጋዙ አልወጣ አለ፦ ሲሊንደሩ ውስጥ ቡቴን የበዛበት ከሆነ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቆማል። ሲሊንደሩን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙት። እሳት አታስጠጉት። ይሄን ስጽፍ እሳት ያስጠጋ ሰው ትዝ እያለኝ ነው።

በረደን ብላችሁ ደግሞ ከሰል ወደ ተሳቢው አታስገቡ። «ፍም ሆኗል፣ አይጨስም» አይሠራም። የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። መስኮት ገርበብ ማድረግም አይበቃም። ብርድ ልብስ ጨምሩ።

ተሳቢ የምታመጡ ከሆነ፣ እባካችሁ፣ ዓርብ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጥታችሁ «ነገ ንጋት ላይ ነው የምንወጣው» አትበሉኝ። ማክሰኞ አምጡት። በጉን ቤት ትታችሁ።