የበረሮ እግር ሙከራ፦ ጀማሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

አራት ኪሎ አካባቢ ባዮሎጂ የሚያጠኑ ልጆች ነፍሳት እግር እንዴት መልሰው እንደሚያበቅሉ መሞከር ሲያምራቸው በበረሮ ይጀምራሉ። ጥሩ ምርጫ ነው። ሥራውን የሚያበላሹት ስህተቶች ግን ሁሌም እነዚያው ናቸው።

ክንፍ ያወጣ በረሮ መውሰድ። አይሆንም። አዲሱ እግር የሚወጣው በረሮው ቅርፊቱን ሲቀይር ነው። ክንፍ ያወጣ በረሮ ደግሞ ቅርፊት መቀየር አቁሟል። ገና ክንፍ የሌለውን፣ ኒምፍ የሚባለውን ያዙ።

በቀን መቁጠር። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ! ተማሪው ውጭ አገር የተሠራ ጥናት ያነብና በዚያ ቀን እግር ይጠብቃል። እነዚያ ነፍሳት የሚያድጉት አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የሐምሌ ብርድ ቤት ውስጥም ይገባል። ነፍሳት ሲበርዳቸው እድገታቸው ይጎተታል። አንዲት ተማሪ ፒያሳ ከተከራየችው ክፍል ደወለችልኝ።

«ቲቸር፣ አልበቀለም እኮ። ልጣላቸው?»

«ቅርፊት ቀይረዋል?»

ዝም አለች። አንዱም አልቀየረም ነበር። እግሩ እኮ በጉቶው ውስጥ ተጣጥፎ ነው የሚያድገው፤ ከውጭ ምንም አይታይም። ቅርፊቱ ሲወልቅ ነው የሚዘረጋው። ስለዚህ የምትመዘግቡት የቅርፊት ቅየራውን ነው።

የተቆረጠበት ጊዜም ወሳኝ ነው። ቅርፊት በቀየረ ማግስት ከቆረጣችሁት፣ ሰውነቱ ቀጣዩን ቅየራ አዘግይቶ እግሩን ይሠራል። ሊቀይር ሲቃረብ ከሆነ ግን በሰዓቱ ይቀይራል፤ የምታገኙትም ትንሽ እብጠት ብቻ ነው። «ከሸፈ» አትበሉ፤ የሚቀጥለውን ቅየራ ጠብቁ። መዘግየቱን ለማወቅ እግራቸው ያልተነካ እኩዮቻቸውን ጎን ለጎን አሳድጉ።

የተጣለ ቅርፊት ፍለጋ። ይበሉታል! በየቀኑ እዩ፤ ገና የቀየረው ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አንድ ዕቃ ውስጥ ማጎር። ምግብና ውኃ ሲያጥራቸው እግር ይነካከሳሉ። የእናንተን መቀስ ከእነሱ ጥርስ መለየት አትችሉም። ለየብቻ አስቀምጧቸው።

እግሩን ይዞ መጎተት። በረሮ እግሩ ሲያዝ ጥሎት ይሄዳል፤ የሚለቀውም እግሩ ሥር ያለው አጭር ክፍል፣ ትሮካንተር፣ ከጭኑ፣ ከፌሙር፣ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ነው። ከጭኑ በታች ባለው ክፍል፣ ቲቢያ፣ ላይ ለመቁረጥ አስባችሁ ሙሉ እግር እጃችሁ ላይ ይቀራል። በረዶ ላይ አደንዝዙትና በስል መቀስ ቁረጡ።

ፍሊት ከተነፋበት ቤት መሰብሰብ። ተዉት።

ጣቱን አለመቁጠር። የበረሮ እግር ጫፍ፣ ታርሰስ፣ 5 ክፍል አለው። መልሶ የበቀለው ብዙ ጊዜ 4 ነው። ይሄን የማያውቅ ተማሪ ጤነኛውን አዲስ እግር «ጎዶሎ» ብሎ ይጽፈዋል፤ በጣም ያሳዝነኛል። ከኩሽና ያመጣችሁትንም ከመቁረጣችሁ በፊት በአጉሊ መነጽር እዩት። 4 ከሆነ ያ እግር ከዚህ በፊት ጠፍቶ የበቀለ ሊሆን ይችላልና ሌላ በረሮ ምረጡ።