የመኪና ሰምና ሲላንት አመራረጥ፦ ለደሴ ጉም፣ ለኮምቦልቻ ፀሐይ

የመኪና ሰም ሊገዛ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ነው በደንብ የሚያብረቀርቀው?» ብሎ ነው። ሁሉም ያብረቀርቃል። ናፍታ የነካ ጨርቅም ቢሆን እስከ ማታ ያብረቀርቃል። ልዩነቱ የሚታየው ሦስት አራት ዝናብ ከወረደባት በኋላ ነው። ስለዚህ ባለሱቁን ከመጠየቃችሁ በፊት ለራሳችሁ ሁለት ነገር መልሱ። መኪናዋ የት ነው የምታድረው? የሚያጥባትስ ማነው፣ በምን ሳሙና?

እኛ አካባቢ ደግሞ ነገሩ ትንሽ ይከብዳል። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ኮምቦልቻ ከእሷ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ትላለች። በመሃል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ጠዋት ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በጉም ርሳ የተነሳች መኪና የሐረጎን ተራራ ስትወርድ ከፊቷ ያለው ተሳቢ ጥቀርሻውን ይረጭባታል። ኮምቦልቻ ስትደርስ ፀሐዩ ያንኑ ላይዋ ላይ ያደርቀዋል። «ደሴ ብርድ ነው፣ ቀለም አይጎዳም» የሚሉ ሰዎች አሉ። አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር ግን ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ቀለም የሚያደበዝዘው በዋናነት እሱ ነው። ብርዱ አያስጥልም።

መጀመሪያ ጣሳው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እወቁ

ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ከተማ ውስጥ መኪና የሚያሳምር ነገር ሁሉ «ፖሊሽ» ነው የሚባለው። ባለሱቁም ፖሊሽ ሲባል እጁ የደረሰበትን ያወርዳል። ነገር ግን ከመደርደሪያው ላይ ያሉት ዕቃዎች ሥራቸው ተቃራኒ ነው። አንዱ ቀለሙን ይፍቃል፣ ሌላው ይሸፍናል።

የሚፍቁት ኮምፓውንድ፣ ፖሊሽ፣ ክሊነር ወይም ጭረት አጥፊ የሚል ይጻፍባቸዋል። ውስጣቸው በጣም የላመ አሸዋ መሰል ዱቄት አለ። የደበዘዘ ቀለም ላይ አንዴ ሲሠሩ ተአምር ይመስላል። እውነትም ይሠራሉ፤ የሞተውን የላይኛውን ቆዳ ልጠው ያወጡታልና። ግን በየወሩ ከሆነ የሚለጠው ነገር ያልቃል። የአዳዲስ መኪኖች ክሊር፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ ያለው ቀለም አልባ ሽፋን፣ ውፍረቱ ከአንድ ፀጉር አይበልጥም። ክሊሩ አንዴ ካለቀ በኋላ የሚመልሰው ሰም የለም፤ እንደገና መቀባት ነው። ፖሊሽም ሰምም አንድ ላይ የያዙ «ክሊነር ዋክስ» የሚባሉም አሉ። ለሰነፍ ሰው ይመቻሉ፣ እኔ ግን በዓመት ከአንዴ በላይ አልጠቀማቸውም።

የሚሸፍኑት ደግሞ ዋክስ፣ ማለትም ሰም፣ እና ሲላንት ናቸው። ዋክስ ጥሩው ካርናውባ ያለበት ነው። ካርናውባ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ላይ የሚገኝ ጠንካራ ሰም ነው። የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። ብቻውን ድንጋይ ስለሆነ በዘይትና በሟሟ ካልተቀላቀለ አይቀባም። ስለዚህ ጣሳው ላይ «መቶ በመቶ ካርናውባ» የሚል ስታዩ ጣሳው ሙሉ ካርናውባ ነው ማለት አይደለም። ውስጡ የገባው ካርናውባ ንጹሕ ነው ለማለት ነው። ስንት እንደገባ አይነግራችሁም።

በነገራችን ላይ የኛ የማር ሰምስ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። የማር ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ለስላሳ ነው፣ አቧራ ይይዛል። ለጧፍ ይቆይልን።

ሲላንት ከሰም አይሠራም። በፋብሪካ የተሠራ ፖሊመር፣ ማለትም ፕላስቲክ መሰል ነገር፣ ነው፤ ቀለሙ ላይ ተጣብቆ ይደርቃል። ሱቅ ውስጥ ግን «ሲላንት» ብቻ ብላችሁ ከጠየቃችሁ የሞተር ማሸጊያ ሲሊኮን ነው የሚሰጧችሁ። «የቀለም መከላከያ፣ ከሰም የሚቆየው» ብላችሁ አስረዱ፣ ጣሳውንም ራሳችሁ አንብቡ። ሎሚ ሎሚ የሚሸተው የዳሽቦርድ ስፕሬይ ለውስጥ ፕላስቲክ ነው። ቦዲ ላይ የሚነፉት አሉ፣ አቧራ ለመሰብሰብ ካልሆነ ጥቅሙ አይታየኝም።

አሁን ሴራሚክ የሚል ጽሑፍ ያለበት ርካሽ ስፕሬይም ገብቷል። መጥፎ አይደለም፣ ውሃ ያንሸራትታል፣ ጥቂት ወራት ይቆያል። ትክክለኛው የሴራሚክ ሽፋን ግን ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር በምትይዝ ትንሽ ጠርሙስ የሚመጣ ነው። አቧራ የሌለበት ዝግ ቤትና በሚገባ የተስተካከለ ቀለም ይፈልጋል። ከተቀባ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ሊነካው አይገባም። የተቀባበት ጭረት ሁሉ ተሸፍኖ እዚያው ይቀራል። ለባለሙያ ተዉት።

የትኛው ለእናንተ?

ግቢ ውስጥ ጣራ ሥር ለምታድር፣ ቀለሟ ጠቆር ላለ መኪና ካርናውባ ነው። ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊና ቀይ ላይ የሚሰጠው ጥልቀት ያለው ድምቀት ከሲላንት ይበልጣል። ዋጋው ግን በየአንድ ሁለት ወሩ እጃችሁን ማድከም ነው። ቢበዛ ሦስት ወር ይቆያል፤ ውጭ ለምትውል ደግሞ ያነሰ።

ውጭ ለምታድርና ደሴ ኮምቦልቻ ለምትመላለስ መኪና ያለ ጥርጥር ሲላንት። ከአራት እስከ ስድስት ወር ይሄዳል። ነጭና ብርማ መኪና ላይ ደግሞ የካርናውባው ድምቀት ብዙም ስለማይለይ፣ ለነጭ ቪትዝ ሰም መግዛት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ሁለቱንም ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ሲላንት፣ በማግስቱ ከላዩ ሰም። ተገልብጦ አይሆንም። ሲላንት ባዶ ቀለም ካላገኘ አይይዝም።

በየቀኑ በዱቄት ሳሙና ለምትታጠብ ታክሲና ባጃጅ ውድ ዕቃ አትግዙ። የዱቄት ሳሙና ቅባት እንዲያነሳ የተሠራ ነው። የወጥ ቅባትንና የእናንተን ሰም አይለይም። ለእነዚህ ከታጠበች በኋላ በእርጥቡ ተነፍቶ የሚወለወል ስፕሬይ ዋክስ በሳምንት አንዴ ይበቃል።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ትንሽ ፖሊሽ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ የማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በሩ ሲከፈት ከውስጥ ያለውን ጠርዝ፣ እሹ። ጨርቁ የመኪናዋን ቀለም ከያዘ ክሊር የላትም። የድሮ ኮሮላዎችና ጋራዥ የተቀቡ ብዙ መኪኖች እንዲህ ናቸው። እንደ ኖራ የሚነጭ የደበዘዘ ቀለም ላይ ሰም መቀባት ከንቱ ነው። አንዴ በቀላል ፖሊሽ ታነሱታላችሁ፣ ከዚያ ትሸፍናላችሁ።

በቅርቡ የተቀባች ከሆነች ደግሞ ቆዩ። በአየር የደረቀ ቀለም ውስጡ ያለው ሟሟ ገና እየወጣ ነው። ቢያንስ አንድ ወር፣ ቢቻል ሦስት ወር ስጡት። በተቃራኒው በቅርቡ ልታስቀቡ ካሰባችሁ ሲሊኮን ያለበት ነገር አታስነኩ። ቅሪቱ ካልጸዳ አዲሱ ቀለም እየሸሸ የዓሣ ዓይን የመሰለ ክብ ቀዳዳ ያወጣል። ቀቢው ይሳደባል፣ ልክ ነው።

ማዘጋጀት

እጠቡ፣ አድርቁ። እዚህ ላይ ብዙ አልልም።

ከታጠበች በኋላ ጣታችሁን በስስ ፌስታል ጠቅልላችሁ ኮፈኑ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አንሸራቱ። ባዶ ጣት የማይሰማው ሻካራ በፌስታል ይሰማል። ሻካራ ከሆነ ክሌይ ባር የሚባለው ጭቃ መሰል ማጽጃ ያስፈልጋል። ውሃና የመኪና ሻምፑ እየረጫችሁ ቀስ ብላችሁ አንሸራቱት። መሬት ከወደቀባችሁ ጣሉት። አጥባችሁ ልትመልሱት አትሞክሩ፣ አንድ የአሸዋ ፍሬ ይበቃዋል።

ጥቁር ፕላስቲኮችን በማስኪንግ ቴፕ ሸፍኑ። ሰም ገብቶባቸው ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ማስለቀቁ ከመቀባቱ ይብሳል።

መቀባት፣ በተለይም መቼ

ቀለሙ ለመንካት የቀዘቀዘ፣ ቦታው ጥላ፣ አየሩ ደረቅ። በሦስቱ የሚስማማ ሁሉ ደሴ ላይ ሦስቱን አንድ ላይ ለማግኘት ይቸገራል። ሐምሌና ነሐሴን እርሱት። በበልግም ሰማዩ አይታመንም። ጥሩው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ከዚያ ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት መጨረሻ አንዴ መድገም።

ሰዓቱ ደሴ ላይ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ጤዛው ለዓይን ባይታይም ላሜራው ላይ አለ። ስምንት ሰዓት ላይ ጨርሳችሁ እስኪመሽ እንድትደርቅ ተዉአት። ኮምቦልቻ ግን የተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ችግሩ ሙቀት ስለሆነ ማለዳ ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ሥሩ። የሞቀ ኮፈን ላይ የተቀባ ነገር ሳይዘረጋ ይደርቃል፣ ከዚያ እሹት ብትሉ አይለቅም።

ሲላንት ከተወለወለ በኋላም ሥራው አላለቀም። ውስጡ እስኪጠነክር ብዙዎቹ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውሃ ሳይነካቸው መቆየት ይፈልጋሉ። ጣሳው ላይ ይጻፋል፣ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። አንድ የማውቀው ሰው ደሴ ሆጤ አካባቢ በነሐሴ ቀን ያገኛትን ፀሐይ አምኖ ጥሩ ሲላንት ቀባ። ማታ ውጭ አሳደራት። ጉሙ ወርዶ ሌሊቱን ሙሉ ተኛባት። ጠዋት ኮፈኑ ላይ የነጠብጣብ ምልክት፣ ጎኗ ላይ ሽንትርትር። ዕቃው ውሸት ነው ብሎ ባለሱቁ ጋ ሄደ፤ ዕቃው ግን ምንም አልነበረበትም። እንዲህ ከሆነባችሁ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አጥባችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ። የሚጠለል ጋራዥ ያለው ዘመድ ካላችሁ ለአንድ ሌሊት መለመን ይሻላል። ሸራ መሸፈንም አይመከርም፣ ከሥሩ እርጥበት ይይዛል፣ በነፋስ ይፈትጋል።

አቀባቡ ቀላል ነው። በትንሽ ስፖንጅ ስስ አድርጋችሁ፣ በር በበር። ለአንድ ትንሽ መኪና ፈሳሽ ሲላንት ከሆነ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ወፍራም ብትቀቡ የተረፈውን ነው የምትወለውሉት፣ የሚቆይበት ጊዜ አይጨምርም። ዝግጁ መሆኑን በጣት እዩ፦ አንዴ ስትጠርጉት ሥሩ ጥርት ብሎ ከታየ ወልውሉ፣ ካጨማለቀ ጠብቁ። በንጹሕ ማይክሮፋይበር፣ ግማሽ ላይ ጨርቁን እየገለበጣችሁ። የፊት መስታወትና የፍሬን ዲስክ እንዳይነካ።

ላቫጆው

የምትቀቡት ዕቃ ዕድሜ ግማሹ እዚህ ነው የሚወሰነው። ሻምፑ ይዛችሁ ሂዱ፣ «በዚህ እጠብልኝ» ማለት ነውር አይደለም። ልጁ መጨረሻ ላይ «ጋሼ፣ በናፍታ ላስነካት?» ይላል፤ ለእናንተ ብሎ ነው። አይሆንም በሉት። ናፍታ ሰሙን ያሟሟል፣ ጎማውን ያሳብጣል፣ ቅባቱ ላይ የመንገዱ አቧራ ይለጠፋል። የሰው ሁሉ መኪና የተወለወለበትን ፎጣም ተቆጣጠሩ።

ጠዋት ጠዋት አቧራዋን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ለዓይን ትጸዳለች። ሰሙንም ቀለሙንም የሚፍቀው ግን ያ አቧራ ነው። አንድ ጆግ ውሃ ቀድማችሁ አፍስሱባት።

ማለቁን በውሃ ታውቃላችሁ። ታጥባ ንጹሕ ሆና ውሃ ስታፈሱባት ክብ ክብ ነጠብጣብ ሠርቶ ከተንከባለለ አለ። ተዘርግቶ ከተኛ አልቋል። ኮፈኑና ጣራው ፀሐዩን ስለሚችሉት ከጎኖቹ ቀድመው ይለቃሉ። እነሱን ብቻ መድገም ይቻላል፣ ሙሉውን መቀባት አይጠበቅባችሁም። የተረፈውን ጣሳ ክዳኑን ግጥም አድርጋችሁ ቤት አስቀምጡ። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ መኪናው ውስጥ አትተዉት፣ ሟሟው ተንኖ ደረቅ ኬክ ሆኖ ይጠብቃችኋል።